ረቡዕ በመስኮቱ የታየው ፊት

ምንዳዬ የሞተው ረቡዕ ነው። ሥጋ ሻጭ በጾም ቀን ሱቁ ውስጥ ምን ይሠራል ብዬ ሳጅን ሊካሳን ጠየቅሁት። «ሊያጸዳ ገብቶ ይሆናል ኢንስፔክተር» አለኝ። ሊካሳ ሲጠየቅ ዝም ማለት ስለማይወድ አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል። ሱቁ ግን ማክሰኞ ማታ ጸድቶ ያደረ ነበር። ወለሉ ታጥቧል፣ ጠረጴዛው ተፍቋል፣ ጣሪያው ሥር ያሉት አሥራ አንድ የሥጋ መስቀያዎች ባዶአቸውን ተንጠልጥለዋል። ምንዳዬ በዚያ ሁሉ ንጽሕና መሃል፣ ከመስኮቱ ሁለት እርምጃ ርቆ፣ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የተመታው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ሸዋአየሁ ናት። ስልክ አላነሳ ሲላት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፍለጋ መጣች። እኔ ስደርስ ሰፈሩ በሙሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ቀን ሙሉ አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ስላቸው ግን አንድም ያየ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆኜ ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ሰውን መናቅ ነው፤ እስከዚያ ሳምንት ድረስ አፍሬበት አላውቅም።

ሱቁ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ነው። ምንዳዬ ካዛንቺስ የነበረው ሥጋ ቤቱ ሲፈርስ ነው እዚህ የተከራየው። መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ነው፣ በሩ ግን በጎን በኩል ቅያስ ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለ ሰው መስኮቱን እንጂ በሩን አያይም።

ጠረጴዛው ላይ የሚዛን ብረቶቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተሰልፈዋል። የሁለት ኪሎው ብቻ እርጥብ ነበር። ገዳዩ መትቶበት፣ አጥቦ፣ ከአንድ ኪሎውና ከአምስት ኪሎው መሃል በቦታው መልሶታል።

«ጨዋ ገዳይ ነው» አለ ሊካሳ።

«ጨዋ አይደለም፤ ሥጋ ቤት የኖረ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወርውሮት ይሮጣል።»

መስቀያዎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኳቸው። አሥሩ ደረቅ ናቸው። መስኮቱ ጋ ያለው ግን ጣቴን አሟለጨኝ፤ ስብ ነክቶታል። ፍሪጁን ስከፍት አንድ ባዶ ፌስታል አገኘሁ፤ በእስክሪብቶ «የእሁዱ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሊካሳን መዝግብ አልኩት፣ መዘገበ። ከዚያ ሁለታችንም ረሳነው።

የረሳነው ሉሊ ስለመጣች ነው። ሉሊ ፊት ለፊት ያለው ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ካሜራ አለን» አለችኝ። «ማለቴ፣ ለእኛ በር ነው የተገጠመው፣ ግን የእነሱን መስኮት ይወስዳል።»

ቪዲዮውን ፋርማሲው ውስጥ ቆመን አየነው። የካሜራው መስታወት የፍርስራሽ አቧራ ለብሷል፤ የሱቁ መስኮት ደግሞ ፀሐይ አርፎበታል። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ በመስኮቱ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ብቅ ይላል። ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆያል፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ይወዛወዛል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሉሊ ምስሉን አቁማ አሳደገችው። ሁለት ጥቁር ዓይኖች፣ ቀጭን አፍንጫ፣ ከሥሩ ጢም የመሰለ ጥላ። ሉሊ ወሬዋን አቆመች። እኔም ዝም አልኩ።

ዝም ያላለው ከኋላችን ተከትሎ የገባው ሰው ነው። «ኤርሚ እኮ ነው» አለ አንዱ። «አዎ፣ ጢሙን እዩት፣ ኤርሚ ነው» አለች ሌላዋ። ሦስተኛው ከስክሪኑ ላይ ፎቶ አነሳ። ፋርማሲውን ሳላስዘጋ ምስሉ ቴሌግራም ላይ ደርሷል።

ኤርሚ ምንዳዬ ጋ ስድስት ዓመት ሥጋ የቆረጠ ልጅ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደንበኛ ፊት «ይሄ የትናንት ነው» ብሎ እውነቱን በመናገሩ ተባሯል። ደግሞም የሉሊ ወንድም ነው።

*

ሐሙስ ጠዋት ከተከራየበት ክፍል ይዘነው መጣን። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቀጭን፣ ጢሙ ያልተስተካከለ።

«ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ሜክሲኮ። ታክሲ ሰልፍ ላይ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሰልፈኛው ጋር ነዋ። ብቻዬን ማለቴ ነው።»

ሊካሳን ሜክሲኮ ላክሁት። ተራ አስከባሪው፣ ሶፍት የምትሸጠው ሴትዮ፣ ጫማ የሚያሳምሩት ልጆች፣ ማንም አያስታውሰውም። ያን ሁሉ ሰዓት ከፊትና ከኋላው የቆመው ሰው አንድም ፊቱን ያየ የለም። በመስኮት ውስጥ ያለውን ጭጋግ ግን ሰፈሩ በሙሉ አይቶ ለየው።

ምስሉን ወረቀት ላይ አሳትሜ ፊቱ አስቀመጥኩት። «ማን ነው?»

ብዙ ጊዜ አየው። «አላውቅም። እኔ ግን አይደለሁም።»

«ወስደህ እየው» አልኩት። ሊካሳንም በየሰዓቱ እንዲያሳየው አዘዝኩ። ጥሩ ዘዴ ነው ብዬ ነበር። ሥጋ ቤት የኖረ፣ የተባረረ፣ የት እንደነበር የሚመሰክርለት የሌለ፣ ካሜራ ላይ የታየ ልጅ፤ ነገሩ ያለቀለት መሰለኝ።

ከሰዓት ቀብር ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ እንደ ሴትነቴ ከሴቶቹ ጥግ ተቀመጥኩ። ለለቀስተኛው በግ ታርዶ ነበር። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የሚሸፍን ስስ የስብ መረብ አለ፤ ሞራ ይባላል። ስለመጪው ነገር በሞራው ላይ ተጽፏል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ማንበብ የሚችሉትንም ሞራ ገላጭ ይሏቸዋል። የዚህ ሰፈር ሞራ ገላጭ ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸው። አርባ ዓመት ሥጋ ቤት ሠርተው ያረፉ፣ አሁን የእድሩ ዳኛ፣ ነጭ ጋቢ ለብሰው ሲገቡ ድንኳኑ በሙሉ የሚነሳላቸው ሽማግሌ።

ሞራውን አመጡላቸው። በሁለት እጃቸው ወጥረው ወደ ብርሃን አነሱት። ደሙ በየት በየት እንደሄደ፣ ቀዳዳው ወዴት እንደሆነ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የበላበትን ወጪት ሰባሪ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ከዚሁ ቤት እንጀራ በልቶ የወጣ።»

ድንኳኑ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ስም አልጠሩም፤ ስሙን ሰፈሩ ጨረሰላቸው። ማታውን የነሉሊ ቤት በር በድንጋይ ተሰበረ። እናታቸው የሞተች ናት፤ ሉሊ ብቻዋን ነበረች።

ዓርብ ጠዋት ሉሊ ጣቢያ መጣች። እንቅልፍ አላየችም።

«እኔ ነኝ ያመጣሁት» አለችኝ። «ካሜራ አለን ብዬ እኔ ነኝ በእጄ የሰጠኋችሁ።»

«ትክክል ነው ያደረግሽው።»

«ኢንስፔክተር፣ ወንድሜ ነው?»

«አንቺ ስታዪው ማንን ይመስልሻል?»

ዳቦና ወተት ለወንድሟ ትታ ወጣች። ቀና ብላ ወደ እስር ክፍሉ አላየችም፤ ያን ያየሁትን አልወደድኩትም።

*

ሸዋአየሁን ሦስቱ የሐዘን ቀን ሳያልፍ ማስቸገር ነውር ነው ተብዬ ነበር። ነውር ፈርቼ አላውቅም፤ ዓርብ ሄድኩባት። ወረቀቱን ተቀብላ ገና አንድ ጊዜ አይታ መለሰችልኝ።

«ኤርሚ አይደለም። ሴት ናት።»

«ሴት?»

«ነጠላዋን አያዩም? ያቺ የካዛንቺሷ ልብስ ሰፊ ናት። ሽርጥ አሰፋለሁ እያለ በሳምንት ሦስቴ ይሄድ ነበር። ስንት ሽርጥ ይለብሳል አንድ ሰው?»

ጥያቄዋ ትክክል ስለነበር ካዛንቺስ ሄድኩ። ልብስ ሰፊዋ ፈትያ ትባላለች፤ ከፈረሰው ሰፈር ጥግ በተረፈች አንዲት ኮንቴነር ውስጥ ትሠራለች። የሸዋአየሁን ነገር ስነግራት እጇ ወደ ሂጃቧ ሄደ።

«ነጠላ? እኔ? ሴትዮዋ አይታኝ ታውቃለች?»

«በሳምንት ሦስቴ ለምን ይመጣ ነበር?»

በኮንቴነሩ በር ወደ ውጭ አሳየችኝ። አዲስ ሣር የተተከለበት ባዶ ቦታ ነው። «ሱቁ እዛ ነበር። መጥቶ ትንሽ ይቆማል። ከዚያ እኔ ጋ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። ሽርጡ ሰበብ ነው፤ በቃ ቦታው ናፍቆት ነው። ቤቱ መናገር አፍሮ መሰለኝ።»

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለስድስት ሚዜዎች ልብስ ስትለካ ነበር። የስድስቱንም ስልክ ሰጠችኝ፤ ስድስቱም መሰከሩ። ልወጣ ስል ወረቀቱን አሳየኋት።

«ይሄማ ያ ሰውዬ ነው» አለች ወዲያው።

«የቱ ሰውዬ?»

«ቤታችንን ሊያፈርስ መጥቶ ቀይ ምልክት የቀባብን። ጉንጩ ራሱ ነው። ምንዳዬንም እሱ ገደለው?»

ጣቢያ ተመልሼ ወረቀቱን ላገኘሁት ሁሉ አሳየሁ። ሊካሳ የድሮ ቤት አከራዩን አየበት። መዝገብ ቤቷ የባሏን ወንድም አየች። አንድ በስርቆት የተያዘ ልጅ የያዘውን ፖሊስ አየና ሳቀ። ሁሉም የሚጠላውን ወይም የሚፈራውን ሰው ነው ያየው፤ ሁሉም እርግጠኛ ነው፤ ቢጠየቅ ሁሉም ይምላል። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። የእኛ ሰው ዓይን ግን ይህን ያህል እንኳ አይደክምም፤ ልብ አስቀድሞ የፈረደውን ነው አንብቦ የሚፈርመው።

«እርስዎስ ማንን አዩ?» አለኝ ሊካሳ።

«እኔ ማንንም አላየሁም» አልኩት።

ምስሉን የላክሁለት የቴክኒክ ባለሙያ ያብስራ የሚባል ወጣት ነው። ማታ ከመውጣቱ በፊት ቢሮዬ መጣ።

«ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄን ነገር ሰው ነው ያለው ማነው?»

«ሰፈሩ በሙሉ።»

«ማለቴ ሶፍትዌሩ አላለም። ብሬይናችን እኮ ሁለት ጥቁር ነገርና አንድ መስመር ካገኘ በቃ ፊት ይሠራል። ሕፃን ሆነን መጀመሪያ የምንፈልገው የእናት ፊት ነው፤ ከዛ በኋላ መፈለግ አናቆምም። ያንን ሶኬት ይዩት፣ አፍጥጦብዎት የለ?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሶኬት አየሁት። እውነትም አፍጥጧል። ሃያ ዓመት አብሮኝ ሲሠራ ልብ አላልኩትም።

«ሰው ከሆነ» አለ ያብስራ፣ «ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድ ቦታ ቆሞ አንዴ እንኳ ዞር አላለም። ደግሞ ትከሻ የለውም። እኔ የተሰቀለ ነገር ነው የምለው።»

«ሥጋ ቤት ውስጥ ምን ይሰቀላል? ሥጋ ነዋ።»

«ረቡዕ እኮ ነው ኢንስፔክተር» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። የትኛው ክርስቲያን ሥጋ ሻጭ ነው በረቡዕ ሥጋ የሚሰቅል? ጋቢ ይሆናል፣ የዝናብ ልብስ ይሆናል እያልን ተለያየን። በጣታችን ላይ ስብ ነክቶን፣ መዝግበነው፣ ረቡዕ ስለሆነ ብቻ ሥጋ ሊሆን አይችልም ብለን ሳቅን። ሰፈሩን የናቅሁትን ያህል ያን ምሽት ራሴን መናቅ ነበረብኝ፤ ጊዜ አጣሁ።

*

ቅዳሜ ጠዋት ሊካሳ በደስታ ተቀበለኝ። «ኤርሚ ሊያምን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ወረቀቱን ሲያይ አደረ። ሰኞ ይፈርማል።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ምስሉ ሰው ካልሆነ ይህ ልጅ የሚያምነው ምኑን ነው? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ንዴቴን የምወጣበት ሰው ፈለግሁና ጋሽ ወልደአማኑኤል ትዝ አሉኝ። የሉሊን በር ያሰበረው የሳቸው ሞራ ነው። ሽማግሌ ስለሆኑ ማንም አይናገራቸውም፤ እኔ እናገራቸዋለሁ ብዬ ሊካሳን አስከትዬ ሰንጋ ተራ ሄድኩ።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ከወንበራቸው ተነስተው ተቀበሉኝ።

«ነይ ግቢ ልጄ። የምንዳዬ ነገር ነው?»

«የእርስዎ ነገር ነው ጋሼ። አንዲት ልጅ በርዋ ተሰብሮባታል። በስብ ላይ ወንጀለኛ አይተው ሰፈር የሚያነሳሱ ከሆነ አስሬዎት እሄዳለሁ።»

አልተቆጡም። እንደ ልጅ አዩኝ። «ስብ አልሽው? ላላወቀበት ስብ ነው። መጽሐፍም ላልተማረ ወረቀት ነው። አባቴ ያነብ ነበር፣ አያቴ ያነብ ነበር።»

«እንግዲያውስ ይሄንንም ያንብቡልኝ» ብዬ ወረቀቱን አቀበልኳቸው። ላላግጥባቸው ነው እንጂ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሰው ሁሉ የሚጠላውን ካየበት ሳቸው ደግሞ ማንን ያያሉ ብዬ ነው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ገና ሲይዙት ገለበጡት፤ ላዩን ወደ ታች፣ ታቹን ወደ ላይ። ፊታቸው ላይ ቁጣ መጣ።

«ተገልብጦ እኮ ነው የሰቀለው» አሉ።

ወረቀቱን በሳቸው እጅ ላይ፣ እንደተገለበጠ አየሁት። ፊቱ የለም። ዓይኖቹ ሁለት ቀዳዳ ሆኑ፣ አፍንጫው የደም ሥር ሆነ፣ ጢሙ በጠርዙ ላይ የተንዘረፈፈ ስብ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ ያፈጠጠብን ሰውዬ በአንድ ጊዜ ጠፍቶ በቦታው የበግ ሞራ ተሰቅሏል። ከመንገዱ ማዶ የሚመጣ ብርሃን እንዲያልፍበት፣ መስኮቱ ጋ ካለው መስቀያ ላይ።

«ማነው የሰቀለው ጋሼ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

ወረቀቱን መልሰውልኝ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ሸዋአየሁ ጋ ደወልኩ። ድምፁን ከፍ አደረግሁት። «ሸዋአየሁ፣ ያለፈው እሁድ ቤታችሁ በግ ታርዶ ነበር?»

«አዎ፣ ለአዲሱ ሱቅ ምርቃት። ምነው?»

«ሞራውን ማን አነበበው?»

«ጋሽ ወልደአማኑኤል ናቸዋ። ልጅ ይወለዳል፣ ቤታችሁ ይሞላል አሉን። ምንዳዬ ሞራውን በፌስታል አድርጎ ሱቅ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጠው። ምን ያደርግልሃል ስለው ዝም ብለሽ ቆይ፣ ረቡዕ ማታ አብረን እንስቃለን አለኝ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። ስለ ፊቱ ጠየቅናት እንጂ ስለ እሁድ ማንም አልጠየቃትም። ጋሽ ወልደአማኑኤልንም ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበሩ ብሎ የጠየቀ የለም። ሽማግሌ የት ነበርክ አይባልም።

ሊካሳ በሩ ላይ ቆመ።

«ምንዳዬ ጠራኝ» አሉ ሽማግሌው። «‹ወንድሜ ከገጠር በግ ልኮልኝ አርጄ ነበር፣ ሞራውን ይዩልኝ› አለኝ። በጾም ቀን አልኩት። መብላት አይደለም ማየት ነው ጋሼ አለኝ። ሄድኩ። ሰቅሎት ቆየኝ። አነበብኩት።»

«ምን አነበቡ?»

«ሐዘን አለ አልኩት። ከቤቱ ሰው ይወጣል አልኩት።»

«እሱስ?»

«ሳቀ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «የእሁዱ እኮ ነው ጋሼ፣ እሁድ ልጅ ይወለዳል ያሉበት ራሱ ነው አለኝና ሳቀ። ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ። ለእድሩ እናገራለሁ፣ አርባ ዓመት ሲያሞኙን ኖሩ አለ። ገልብጠህ ስለሰቀልከው ነው፣ የተገለበጠ ሞራ ተገልብጦ ይነበባል አልኩት። ጭራሽ ባሰበት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊያወርደው ሲል...»

«በሁለት ኪሎው መቱት።»

«ዝም እንዲል ነው።»

«ብረቱን አጥበው በቦታው መለሱት።»

«ሥጋ ቤት ዕቃ አይዝረከረክም» አሉ።

በረቡዕ የተሰቀለ ሞራ ቢገኝ ሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያስብ ያውቃሉ። ስለዚህ አውርደው በጋቢያቸው ሥር ይዘውት ወጡ። ሐሙስ ድንኳን ውስጥ ሌላ ሞራ ወጥረው በኤርሚ ላይ ፈረዱ። ያን ቀን ጠጅ ሳይጠጣ የሰከረ ድንኳን ነበር፤ እኔም እዚያው ጥግ ነበርኩ።

«አንድ ነገር ግን አልተሳሳቱም ጋሼ» አልኳቸው። «ረቡዕ ያነበቡት ደርሷል። ሐዘን ገብቷል፣ ከቤቱም ሰው ወጥቷል። እንደዚህ ከሆነማ ማንም ያነባል።»

ስድቤ አልገባቸውም፤ ወይም ገብቷቸው ናቁኝ። ተነስተው ወደ ፍሪጃቸው ሄዱና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ለምን አልጣሉትም?» አለ ሊካሳ። መጠየቅ ያለበትን ጥያቄ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀ ይመስለኛል።

«አቅንቼ ላየው ነዋ። ማን ትክክል እንደነበር ላየው።»

ሰው ገድለው፣ ቤታቸው ገብተው፣ በር ቆልፈው፣ ሞራውን አቅንተው አነበቡ ማለት ነው። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚገርመኝ ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር።

«እና ምን ይላል?» አልኳቸው።

ጋዜጣውን ከፈቱት። ሞራው ደርቆ፣ ቢጫ ሆኖ፣ ተኮማትሯል። ሲያዩት ቆዩ።

«ምንም አይልም» አሉ። «ስብ ነው።»

*

ኤርሚን ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቀቅሁት። ሉሊ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ተቃቀፉ፤ ግን ሉሊ ፊቱን ሳታይ ነው ያቀፈችው፣ አገጯን ትከሻው ላይ አድርጋ፣ ወደ ግድግዳው እያየች።

ቀበቶውንና ስልኩን ልሰጠው ቢሮዬ አስገባኋቸው። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አንስቼ ልቀደው ስል ኤርሚ እጁን ዘረጋ።

«ልየው» አለ።

«የበግ ሞራ ነው። ሽማግሌው አምነዋል። ገልብጠህ ብታየው ይገባሃል።»

ገልብጦ አየው። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አቃናው።

«ሉሊ» አለ ሳያያት፣ «መጀመሪያ ቀን ስታዪው ማንን መሰለሽ?»

እህቱ በእጆችዋ ፊቷን ሸፈነች። ማንም ኤርሚ ከማለቱ በፊት ፋርማሲው ውስጥ ወሬዋን ስታቆም ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። እሱም ገባው። አልተቆጣም።

«እርስዎስ?» አለኝ።

ማንንም አላየሁም ልለው ነበር። ለሊካሳ ያልኩትን ልደግመው አፌን ከፍቼ ነበር። ያን ምሽት ፋርማሲው ውስጥ ልጁን አላውቀውም፣ ስሙንም አልሰማሁም። ከኋላዬ አንድ ሰው «ኤርሚ» ሲል ግን ያ ጭጋግ ኤርሚ ሆነልኝ። በማግስቱ በሩን ከፍቶ ሲወጣ አየሁትና ራሱ ነው አልኩ በልቤ። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ያየው ሰው የጠፋው ሊካሳ ደህና አድርጎ ስላልጠየቀ ነው፤ ደህና አድርጎ ያልጠየቀው እኔ መልሱን ስለጨረስኩለት ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ንቄ፣ ከሰፈሩ ሰው አንዷ ሆኜ ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አፈርኩ።

«አንተን» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከልክዬ አልቀማሁትም።

«እርስዎ አይፍረዱ በራስዎ» አለኝ። «ትናንት ማታ ለእኔም እኔን መሰለኝ። ምናልባት ከሜክሲኮ በእግሬ ሄጄ ይሆን፣ ረስቼው ይሆን ስል አደርኩ። ሰኞ ልፈርም ነበር።»

እህቱን በክንዷ ይዟት ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። መንገዱን ሊሻገሩ ሲሉ ቆመ፤ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ጊዜ ደግሞ አየው።